የጀመሩትን ማስጨረስ፦ የሕጻናት ክትባት በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር

ልጅን ከክትባት የሚያስቀረው ኹልጊዜ የወላጅ እምቢታ አይደለም። ብዙ ጊዜ እናት ልጇን ይዛ ወደ ጤና ተቋም መጥታለች፤ ካርድ ወስዳለች፤ የመጀመሪያውንም ክትባት አስከትባለች። የጠፋችው ከዚያ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ የሕጻናት ክትባት ሽፋን ዝቅ ከሚልባቸው ምክንያቶች ትልቁ ይኸው ጀምሮ አለመጨረስ ነው። ጤና ተቋማት በራሳቸው አቅም፣ ብዙ ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቁ ሊያስተካክሉት የሚችሉትም ይህንኑ ነው።

ይህ ጽሑፍ በከሚሴ ከተማና በኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር የሕጻናት ክትባትን ሽፋን ከፍ ለማድረግ የክትባት ክፍል ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ወላጆችም ምን ሊያውቁ እንደሚገባ ያብራራል።

የአካባቢው ገጽታ

የኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር በአማራ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል ይገኛል። መዲናው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ተቆርቁራለች። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሃረዋ እና ባቲ ወረዳዎቹ ናቸው። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። ከነዋሪው እጅግ የሚበዛው የእስልምና እምነት ተከታይ ሲኾን የአሥተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው።

ለክትባት ሥራ ግን ከኹሉ በላይ ትርጉም ያለው የአካባቢው አቀማመጥ ነው። አሥተዳደሩ በምሥራቅ በኩል ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ በበጋ ወራት የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚመጡበት የግጦሽ ቦታ ነው። የሰኞው የባቲ ገበያና የእሑዱ የሰንበቴ ገበያም የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአማራና የአርጎባ ሕዝቦችን በየሳምንቱ ያገናኛሉ። ሰውና ከብት በሚገናኝበት ቦታ በሽታም ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት መሠረታዊ ክትባቶችን ያጠናቀቁ ሕጻናት ድርሻ በአማራ ክልል 62 በመቶ ገደማ፣ በአፋር ክልል ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ነበር። የኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር የሚገኘው እነዚህ ኹለት ቁጥሮች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው።

የክትባት አገልግሎት በኢትዮጵያ

የዓለም ጤና ድርጅት የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራምን እ.ኤ.አ. በ1974 ጀመረ። ኢትዮጵያ ፕሮግራሙን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በዚያው ዓመት ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መውጣቷ ታውጇል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም በባሌ ነበር።

ፈንጣጣ የጠፋው ክትባቱ ስለተገኘ ብቻ አልነበረም። ክትባቱ ከተገኘ ወደ ኹለት መቶ ዓመት ሊጠጋው ምንም አልቀረውም ነበር። በሽታው የጠፋው ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ ታማሚውንና ያልተከተበውን ሰው አንድ በአንድ ፈልገው በማግኘታቸው ነው። ይህ ትምህርት ለዛሬውም የሕጻናት ክትባት ይሠራል። ክትባቱ በማቀዝቀዣ ውስጥ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ያልመጣውን ልጅ የሚፈልግ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ በመደበኛው አገልግሎት ላይ አዳዲስ ክትባቶች ተጨምረዋል። አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት እ.ኤ.አ. በ2007፣ የሳንባ ምችንና የማጅራት ገትርን ከሚያስከትለው ኒሞኮከስ የሚከላከለው ክትባት በ2011፣ የሮታ ተቅማጥ ክትባት በ2013፣ በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት በ2015፣ ኹለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ2019 ተጀምረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው ክትባት በ50 ዓመታት ውስጥ በዓለም ዙሪያ 154 ሚሊዮን ሕይወት አትርፏል። ከዚህ ውስጥ ወደ 94 ሚሊዮን የሚጠጋው በኩፍኝ ክትባት ብቻ የተረፈ ነው።

ስድስቱ ቀጠሮዎች

አንድ ሕጻን ከተወለደ እስከ 15 ወሩ ድረስ ስድስት ጊዜ ወደ ክትባት ክፍል ይመጣል።

በተወለደ ጊዜ፦ የቲቢ መከላከያ ቢሲጂ እና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ ይሰጠዋል።

በ6 ሳምንቱ፦ ብዙ ወላጆች «የ45 ቀን ክትባት» የሚሉት ነው። ፔንታቫለንት፣ የፖሊዮ ጠብታ፣ የኒሞኮከስ እና የሮታ ክትባቶች ይሰጡታል። ፔንታቫለንት ከዘጊ አናዳ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከጉበት ብግነት ቢ እና ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ ከሚባለው ባክቴሪያ ይከላከላል።

በ10 ሳምንቱ፦ አራቱ ክትባቶች ለኹለተኛ ጊዜ ይሰጣሉ።

በ14 ሳምንቱ፦ ፔንታቫለንት፣ የፖሊዮ ጠብታና የኒሞኮከስ ክትባት ለሦስተኛ ጊዜ ይሰጣሉ። በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባትም ይጨመራል።

በ9 ወሩ፦ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ይሰጠዋል።

በ15 ወሩ፦ ኹለተኛው የኩፍኝ ክትባት ይሰጠዋል።

የቀጠሮዎቹ ርቀት በራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ከ6ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያሉት ቀጠሮዎች በወር በወር የሚመጡ ናቸው። ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ግን እናት አምስት ወር ከግማሽ ያህል ምንም ቀጠሮ የላትም። ከ9 ወር በኋላ ደግሞ ሌላ ስድስት ወር ትጠብቃለች። ልጁ ጤነኛ ኾኖ ሲያድግ፣ እርሻውና ቤቱ ሲያጣድፍ፣ ካርዱ ከሣጥን ሥር ሲገባ ቀጠሮው ይረሳል። የኩፍኝ ክትባት የሚወድቀው በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

መሠረታዊ ክትባቶችን ያጠናቀቁ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕጻናት ድርሻ በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመት 14 በመቶ፣ በ2005 ደግሞ 20 በመቶ፣ በ2011 ወደ 24 በመቶ፣ በ2016 ወደ 39 በመቶ፣ በ2019 ወደ 43 በመቶ ደርሷል። እድገቱ እውነተኛ ነው፤ ኾኖም ከግማሽ በታች ነው።

የ2019ኙን ጥናት ጠለቅ ብሎ ማየት ጠቃሚ ነው። ከ100 ሕጻናት 76ቱ የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት ወስደዋል። ሦስተኛውን የወሰዱት 61 ናቸው። ኩፍኝን የተከተቡት 59 ናቸው። ኹሉንም መሠረታዊ ክትባቶች ያጠናቀቁት ግን 43 ብቻ ናቸው። ይህ ማለት ፔንታቫለንትን ከነጭራሹ ያልጀመሩት 24 ሲኾኑ፣ ጀምረው ክትባታቸው ጎዶሎ የቀረው 33 ናቸው። እነዚህ 33 ሕጻናት ቢያንስ አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ እጅ ላይ የነበሩ ናቸው። ስማቸው በመዝገብ ላይ አለ፤ እናቶቻቸውም የክትባት ክፍሉን በር ያውቁታል።

ያልጀመሩትም ቢኾኑ የሚዘነጉ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ዙሪያ አንድም የፔንታቫለንት መጠን ያላገኙ ሕጻናት 14 ነጥብ 5 ሚሊዮን እንደነበሩ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ገምተዋል። ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ሕጻናት በብዛት ከሚገኙባቸው አገራት ግንባር ቀደም ከኾኑት አንዷ ናት።

ጤና ጣቢያ የራሱን ችግር የሚለይበት ቀላል ስሌት አለ። የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት ከወሰዱት ላይ ሦስተኛውን የወሰዱት ይቀነሳሉ፤ ልዩነቱ የመጀመሪያውን ለወሰዱት ቁጥር ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ውጤቱ የማቋረጥ ምጣኔ ይባላል። ምጣኔው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከኾነ ችግሩ የአገልግሎቱ አጠቃቀም ነው፤ እናቶች መጥተው አልተመለሱም ማለት ነው። የመጀመሪያው ፔንታቫለንት ሽፋን ከ80 በመቶ በታች ከኾነ ደግሞ ችግሩ ተደራሽነት ነው፤ አገልግሎቱ ሕዝቡ ጋር አልደረሰም ማለት ነው። ከ76 ወደ 61 የወረደው የ2019 አገራዊ ቁጥር 20 በመቶ ገደማ የማቋረጥ ምጣኔ አለው። ስለዚህ ኹለቱም ችግሮች አሉ። ኹለቱ ግን መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በየወሩ የሚሞላው የክትባት መከታተያ ሰንጠረዥ የሚሰቀለው ይህንን ለመለየት እንጂ ለጎብኚ ማሳያ አይደለም።

ልጁ በር ላይ ደርሶ ለምን ይመለሳል?

በልዩ ልዩ አገራት የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንዳሳየው፣ በኾነ ምክንያት ወደ ጤና ተቋም ከመጡና ክትባት ከሚገባቸው ሕጻናት ከሦስቱ አንዱ ያህል ሳይከተብ ይመለሳል። ምክንያቶቹ በአብዛኛው የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የብልቃጥ ጉዳይ ነው። የቢሲጂና የኩፍኝ ክትባት ለብዙ ልጆች በሚበቃ ብልቃጥ ይመጣል። ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ሊቆይ አይችልም፤ የቀረው ይደፋል። ባለሙያው ክትባት እንዳይባክን በመስጋት «ልጆች ሲሞሉ ተመለሺ» ይላል። እናት ግን ላትመለስ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግልጽ ነው፤ ለአንድ ልጅም ቢኾን ብልቃጡ ይከፈታል። የተደፋ ክትባት በሚቀጥለው ወር ይተካል፤ በኩፍኝ የሞተ ልጅ ግን አይተካም። ባለሙያው በዚህ እንዲጸና ከተፈለገ ታዲያ የበላይ ኃላፊዎች ብክነትን ብቻ እየቆጠሩ ሊወቅሱት አይገባም።

ኹለተኛው ቀላል ሕመም ነው። ሳል፣ ጉንፋን፣ መጠነኛ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ መከተብ ይችላል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ደግሞ ኩፍኝ ቢይዘው የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለኾነ ከማንም በላይ ክትባት ያስፈልገዋል። ልጁ ለሕክምና በመጣበት ዕለት ካርዱን አይቶ የጎደለውን መስጠት የተመላላሽ ሕክምና ክፍሉም ሥራ ነው።

ሦስተኛው ካርድ ነው። ካርድ የጠፋባት እናት ወቀሳ ስትፈራ ትቀራለች። በመዝገቡ ላይ ስሟን ፈልጎ ምትክ ካርድ መጻፍ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው።

አራተኛው የቀጠሮ ማለፍ ነው። «ጊዜው አልፎበታል» የሚባል ልጅ ብዙ ጊዜ ጊዜው አላለፈበትም። የተቋረጠ ክትባት እንደገና ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በፔንታቫለንት መጠኖች መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት መኖሩን ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል።

አምስተኛው ንግግር ነው። ከክትባት በኋላ ትኩሳት እንደሚኖር ያልተነገራት እናት ልጇ ሌሊቱን ሲያለቅስ ቢያድር ክትባቱ ያመመው ይመስላታል። በቀጣዩ ወርም አትመጣም። በየክትባቱ አራት ነገሮች ሊነገሯት ይገባል፦ ዛሬ የተሰጠው ክትባት ከምን እንደሚከላከል፣ ምን ስሜት ሊከተል እንደሚችልና ምን ማድረግ እንዳለባት፣ መቼና የት እንደምትመለስ፣ እንዲሁም ካርዱን ይዛ እንድትመጣ። ይህ ሲነገር በሚገባት ቋንቋ መኾን አለበት። በከሚሴ አፋን ኦሮሞ፣ በባቲና በጨፋ ደግሞ አማርኛም አፋርኛም የሚችል ሰው በክፍሉ መኖሩ እንደ ማቀዝቀዣው ኹሉ የሥራ ዕቃ ነው።

መዝገብ፣ ሣጥንና ስልክ

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ እንዲኖር አድርጓል። አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል፣ አምስት ጤና ኬላዎች ደግሞ ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር እንዲተሳሰሩ ታቅዷል። ከመረጃ አያያዙ ክፍሎች አንዱ የቤተሰብ ማኅደር ነው። ከማኅደሩ ጋር ደግሞ በየወሩ የተከፈለ የቀጠሮ ሣጥን አለ። ልጅ ሲከተብ ካርዱ ወደሚመለስበት ወር ክፍል ይዛወራል። ወሩ ሲያልቅ በሣጥኑ ክፍል ውስጥ የቀረ ካርድ ኹሉ ያልመጣ ልጅ ነው። ኤሌክትሪክም ኮምፒዩተርም አይጠይቅም። የሚጠይቀው በወሩ መጨረሻ ሣጥኑን ከፍቶ የቀሩትን ስሞች ለመጻፍ የተመደበ ሰው ነው።

መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ስም ግን ልጁን የሚያስገኝ መኾን አለበት። በአንድ ቀበሌ ብዙ መሐመድ፣ ብዙ አሕመድ፣ ብዙ ፋጡማ አሉ። ስለዚህ የእናት ስም፣ የአያት ስም፣ ጎጡ፣ የቤተሰቡ ስልክ፣ ስልክ ከሌለም የጎረቤት ስልክ ሊመዘገብ ይገባል። ከበጋው ግጦሽ ጋር የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ከኾነ ደግሞ በየትኛው ወር የት እንደሚገኝ መጠየቅ ይጠቅማል።

ማስታወስ እንደሚሠራ ማስረጃው ጠንካራ ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ግምገማ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ፣ ቀጠሮን በስልክ፣ በመልእክት ወይም በደብዳቤ ማስታወስ የተከታቢዎችን ድርሻ በአማካይ በ8 መቶኛ ነጥብ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ማንበብ ለማይችል ቤተሰብ ከጽሑፍ መልእክት ይልቅ የድምፅ ጥሪ ይመረጣል። ስልክ በማይደርስበት ቦታ ደግሞ በየጎጡ ያሉ የሴቶች የጤና ልማት ቡድን መሪዎች ስም ዝርዝሩን ይዘው ቤት ለቤት ሊያስታውሱ ይችላሉ።

ሌላው የታመነ ነገር አገልግሎቱ በተባለበት ቀን መገኘቱ ነው። በሕንድ ኡዳይፑር አካባቢ በድኻ መንደሮች የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ምንም ባልተደረገባቸው መንደሮች ክትባት ያጠናቀቁት ሕጻናት 6 በመቶ ነበሩ። በየወሩ ሳያቋርጥ የክትባት ቀን በተዘጋጀባቸው መንደሮች ድርሻው ወደ 18 በመቶ ደረሰ። ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ክትባት ለእናቲቱ አንድ ኪሎ ምስር በተሰጠባቸው ደግሞ ወደ 39 በመቶ ከፍ አለ። ምስሩ የእናቲቱን የአንድ ቀን ድካም በመጠኑም ቢኾን የሚክስ ነበር። ምስር መስጠት ለማይችል ጤና ጣቢያም ትምህርቱ አይቀርም፦ ባለሙያው በቀኑ ይገኝ፣ ወረፋው ይጠር፣ የእናት ቀን አይባክን።

በገበያ ቀን፣ በጨፋ በጋ

ከባቲ ዙሪያ ገጠር የምትመጣ እናት ሰኞ ወደ ገበያ መውጣቷ አይቀርም። የክትባት ቀኑ ረቡዕ ከኾነ ግን ሌላ ግማሽ ቀን መንገድ መሄድ ሊጠበቅባት ነው። የክትባት መርሐ ግብርን ከገበያ ቀን ጋር ማዛመድ ለእናቲቱ አንድ ጉዞ ማስቀረት ነው። የሰንበቴ ገበያ እሑድ መዋሉ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፤ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን መደበኛ የመንግሥት ሥራ የሚቆምበት ቀን ነው። መፍትሔው ለእሑድ ተረኛ መመደብና በሳምንቱ መካከል ዕረፍቱን መተካት ነው።

የጨፋ በጋም የራሱ ዕቅድ ያስፈልገዋል። አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ሲመጣ ልጆቹም አብረውት ይመጣሉ። የክልል ወሰን ለክትባት መከልከያ አይደለም። ልጁ የት ይጀምር የት፣ ባለበት ይከተባል፤ በካርዱም ላይ ይመዘገባል። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ ነው፤ አንድ ታማሚ ካልተከተቡ ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ለሚኾኑት ሊያስተላልፍ ይችላል። ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ሰዎች 95ቱ ኹለቱንም መጠን መከተብ አለባቸው። ስለዚህ በጨፋ ሣር ላይ ያደረውን የእንግዳ ልጅ መከተብ የአርጡማ ፉርሲንና የደዋ ጨፋን ልጅ መጠበቅ ነው።

ሙቀት፣ ቅዝቃዜና ማቀዝቀዣ

የጨፋ ሸለቆ ቆላማ ነው። ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣ የሌላቸው ጤና ኬላዎች ክትባቱን በክትባት መያዣ ሣጥን ከበረዶ ጋር ከጤና ጣቢያ ይወስዳሉ። በብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ጠቋሚ ምልክት ለባለሙያው ይነግረዋል፤ በክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን ከክቡ ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ከጠቆረ ክትባቱ አይሰጥም።

ብዙ ሰው ሙቀትን ብቻ ይፈራል። ቅዝቃዜም ያበላሻል። ፔንታቫለንት፣ የኒሞኮከስና በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት በረዶ ከኾኑ አቅማቸውን ያጣሉ፤ የሙቀት ጠቋሚውም ይህን አያሳይም። ስለዚህ በረዶው ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ወዲያው ወደ ሣጥኑ አይገባም፤ ላብ እስኪያወጣና ሲነቀነቅ ውኃው እስኪሰማ ይጠበቃል።

የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት እስከ ከሚሴ መድረሱ ይታወሳል። በአማራ ክልል በጦርነቱ ቀጣና የነበሩ በርካታ ጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ ተዘርፈዋልም። ማቀዝቀዣ የተዘረፈበት ጤና ጣቢያ ሕንጻው ቢቆምም ክትባት አይሰጥም። በዚያን ጊዜ የተወለዱ ሕጻናት ቀጠሯቸው ያለፈባቸው በራሳቸው ወይም በወላጆቻቸው ጥፋት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ጋቪ እ.ኤ.አ. በ2023 የጀመሩት የማካካሻ ክትባት ዘመቻ በኮሮና ወረርሽኝና በግጭት ምክንያት ያመለጡ እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሕጻናት ያለመ ነበር። ዘመቻ ግን ያመለጠውን ያካክሳል እንጂ መደበኛውን አገልግሎት አይተካም።

የሃይማኖት አባቶች ድርሻ

በአካባቢው የኢማምና የሽማግሌ ቃል ክብደት አለው። ለዚህ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም፤ ወደ ሐጅ የሚሄድ ምዕመን ኹሉ የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስድ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ አይገባም። ለሐጅ የተከተበ አባት ለልጁ ክትባት ምስክር ሊኾን ይችላል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሚነገር አጭር ማስታወሻ፣ በተለይ የክትባት ቀኑንና ቦታውን የሚጠቅስ ከኾነ፣ ብዙ ቤት ይደርሳል።

በረመዳን ወር አገልግሎቱ ማለዳ ቢጀመር የጾመች እናት በፀሐይ ወረፋ አትይዝም። ሕጻናት ጾም ስለማይመለከታቸው የፖሊዮና የሮታ ጠብታ በጾም ወቅትም እንደወትሮው ይሰጣቸዋል።

ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ

ልጄ ቀጠሮው አልፎታል፤ ምን ላድርግ? ዛሬውኑ ይዘውት ይሂዱ። ካቆመበት ይቀጥላል፤ ከመጀመሪያው አይጀመርም።

በአንድ ቀን ብዙ መርፌ አይጎዳውም? አይጎዳውም። በአንድ ቀጠሮ መሰጠታቸው ተጠንቶ የተወሰነ ነው፤ እናትንም ተጨማሪ መንገድ ያድናታል።

ከክትባት በኋላ ልጄ ቢያተኩስስ? ከፔንታቫለንት በኋላ አንድ ወይም ኹለት ቀን ትኩሳት፣ በተወጋበት ቦታም ሕመምና እብጠት ሊኖር ይችላል። ጡት ማጥባት፣ ቀለል ያለ ልብስ ማልበስና ባለሙያው ያዘዘውን መስጠት ይበቃል። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት ደግሞ ከሳምንት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳቱ ከኹለት ቀን ካለፈ፣ ልጁ ጡት እምቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ቢሲጂ የተወጋበት ቦታ ቆሰለ፤ ምን ልቀባው? ምንም። ቁስሉ ክትባቱ መሥራቱን ያሳያል፤ በራሱ ጊዜ ጠባሳ ትቶ ይድናል።

በ9 ወሩ ኩፍኝ ተከትቧል፤ ለምን ደግሞ በ15 ወር? በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት ከ100 ሕጻናት 85 ያህሉን ይከላከላል። ኹለተኛው የቀሩትን ለመድረስ ነው።

ሌላ ከተማ ነን፤ እዚህ ይከተባል? ይከተባል። በየትኛውም የመንግሥት ጤና ተቋም ካርዱን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው።

መሻሻል የሚለካበት

የክትባት ክፍል ሥራ በወር ውስጥ በከፈተው ብልቃጥ ብዛት ሊመዘን አይችልም። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት ከወሰዱት ልጆች ስንቶቹ ኩፍኛቸውን ተከትበዋል? ያልተከተቡትስ ማን ማን ናቸው? መልሱ በመቶኛ ብቻ ከመጣ ሥራው ገና ነው። መልሱ በስም፣ በእናት ስምና በጎጥ ሲመጣ ልጁን ማግኘት ይቻላል።